ከጌሙ ሥር

«ይሄ ነገር አሁንም ይበራል» አለች ሙሉ፣ በአገጯ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከተች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ አንሶላ ተጥሎበታል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ፣ አንዷ ሴት አንሶላውን ከመኝታ ቤት አምጥታ አለበሰችው። አንሶላው ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን መደርደሪያም ሸፍኖታል። በጨርቁ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ መብራት ቦግ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ቦግ ትላለች።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ አድነው።

«ጌሙ ነው። የእታለም ጌም።»

«እና ለምን አይጠፋም?»

ሁሉም ወደ አቤሴሎም ዞሩ። አቤሴሎም የሟቿ ወንድም ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ያገለገሉ የወረቀት ኩባያዎችን አንዱን በአንዱ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«መልእክት ሲኖረው ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለ።

«መልእክት ከማን?» አለች ሙሉ።

«ከፋብሪካው። ከማንም አይደለም።»

እሑድ ነበር፤ እታለም ከሞተች አራተኛ ቀኗ። ሬሳዋ ግን ገና አልተቀበረም። እዚህ አገር ሬሳ ወረፋ ይጠብቃል፤ የቀብር ቢሮው የሰጣቸው ቀን የሚመጣው ዓርብ ነው። ሠልስቱ ከቀብር በፊት አለፈ። አገር ቤት ቢሆን ሰው ልቅሶውን ቀብር ላይ ያወጣና ከዚያ ወዲያ ይረጋጋል፤ እዚህ ግን የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ትንሽ አልቅሶ፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጠውን ባሏን ተረፈን አቅፎ፣ ወንበር ይይዝና ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ዓርብን ይጠብቃል። ፔርሙዙ ይዞራል። ዳቦው ይቆረሳል። ስለ ክረምት ጎማ ይወራል፤ ከዚያ ሁሉም የት እንዳሉ ትዝ ይላቸውና ወደ ኩባያቸው ያቀረቅራሉ።

አቶ አድነው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ጸሐፊ ናቸው። ኦስሎ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሰማያዊ ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ።

«ጽሑፉ አልቋል ማለት ይቻላል። ከሳጥኑ አጠገብ የሚቆም ፎቶ ግን እስካሁን የለንም። ማተሚያ ቤቱ እስከ ሐሙስ ይፈልገዋል። ተረፈ፣ ፎቶ እያልኩህ ነው።»

ተረፈ አንገቱን ቀና አደረገ። አልናብሩ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው፤ ፍራሹ ላይ ግን ጉልበቶቹን የት እንደሚያደርጋቸው አልታወቀውም። «ፎቶዎቹ አቤ ዘንድ ናቸው» አለ። «ሁሉንም አንድ ዲስክ ላይ ሰብስባቸው ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ የተነሣችው አለ፤ የምትስቅበት። እሱ ይሁን። የእናቷም ቪዲዮ እዚያው ነው። ከቀብሩ በኋላ፣ ሰው ሲመለስ፣ እናይዋለን።»

«አቤ?» አሉ አቶ አድነው።

«ያ» አለ አቤሴሎም፣ እንደ ኖርዌዮቹ አዎ ሲል። «አመጣዋለሁ።»

ኩባያዎቹን ይዞ ወጥ ቤት ገባ፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተታቸው፤ እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። ዲስኩ እሱ ዘንድ አልነበረም። ከአንሶላው ሥር ነበር፤ ከሙሉ ጉልበት አንድ ክንድ ርቆ፣ ጌሙ ላይ እንደተሰካ። ፎቶዎቹም በውስጡ አልነበሩም።

*

ጌሙ እዚህ ቤት የገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የቢሮ ጽዳት የእታለምን ጀርባና ጣቶች ሲጨርሳቸው ሐኪሙ ሲክመልዲንግ ጻፈላት። የሕመም ፈቃድ ላይ ሆና ቤት ስትውል ፊዚዮቴራፒስቷ ተንቀሳቀሺ፣ የምትወጂውን ነገር እያደረግሽ ተንቀሳቀሺ አለቻት። እታለም የምትወደውን ነገር ለማሰብ ሦስት ቀን ፈጀባት።

አቤሴሎም የሚሠራው ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ውስጥ፣ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ሱቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ነጩን ማሽን ተሸክሞላት መጣ። ክንድ ላይ የሚታሰር መቆጣጠሪያ አለው፤ ክንድን ሲወነጭፉት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳስ ይንከባለላል፤ ከወዲያ ጫፍ የተደረደሩት ዐሥር እንጨቶች ይወድቃሉ።

«እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው» አለች። «ልጅ አደረግኸኝ እንዴ?»

ማክሰኞ ሥራ ቦታው ደወለች። ደንበኛ ፊት ነበር፤ የደረሰ ነገር ያለ መስሎት አነሣው።

«መቶ ሰማንያ አገባሁ» አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ ሆነ። ባርነሃገ፣ ሕፃናት መዋያ፣ የምትሠራው ሙሉ ትመጣለች፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች ይመጣሉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ተረፈ ሳህኑን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥና ዳኛ ይሆናል።

«እግርሽ መስመር አልፏል!» ትላለች እታለም።

«የምን መስመር? ምንጣፍ እኮ ነው!» ትላለች ሙሉ።

«ተረፈ፣ አላለፈም?»

«እኔ እየበላሁ ነው።»

እታለም አጭበርባሪ ነበረች። ሙሉ ክንዷን ወደ ኋላ ስትስብ ጠብቃ ትስላለች። ስትሸነፍ ደግሞ ምንም ሳትናገር የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን አውጥታ ሳሎኑን መጥረግ ትጀምራለች፤ እንግዶቹ ነገሩ ስለሚገባቸው ኮታቸውን ይለብሳሉ።

*

ሰኞ ሰው በዛ። አቤሴሎም ከጎረቤት ወንበር ተበደረ፣ ሻንጣ ማስቀመጫ ክፍሉን ከፍቶ ለጃኬቶች ቦታ ሠራ፣ ከታች ካለው ሱቅ ወተት አመጣ። ሲያልፍ ሹክሹክታው ዝቅ ይላል።

«አንዲት እንባ አላየሁበትም።»

«እዚህ ያደጉት እንዲህ ናቸው።»

«በዘጠኝ ዓመቱ ነው የመጣው። እሷ አይደለችም እንዴ እናቱ?»

ቢናገሩትም አልከፋውም። እውነቱን ነበር የሚናገሩት፤ አልተሰማውም። ጣቱን በር ቆርጦት ገና ሕመሙ ያልደረሰ ይመስለው ነበር፤ መምጣቱን ያውቃል፣ ግን አልመጣም። ሐሙስ ጧት ከቢየርቪካ፣ እታለም በግማሽ ቀን ተመልሳ ከምታጸዳበት ቢሮ፣ አለቃዋ ስትደውል እንኳ መጀመሪያ ያሰበው ዲስኩን ነው። «ስታጸዳ ወደቀች፤ አምቡላንሱ መጥቷል፤ አዝናለሁ» አለችው ሴትዮዋ በኖርስክ፣ እና አእምሮው ውስጥ የመጣው ቃል፦ አሁን አልነግራትም ማለት ነው።

ይህን ለማንም አልተናገረም።

ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ ሲያስቀምጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተደረደሩትን የጽዳት ፈሳሾች አየ። ኖርስክ ማንበብ ያስተማረችው በእነሱ ነው። በመጣ በመጀመሪያው ክረምት፣ ጧት ጧት ከትምህርት ቤት በፊት የምታጸዳበት ቢሮ ይዛው ትሄድና አንድ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጠርሙስ ትሰጠዋለች። እሷ ስታጸዳ እሱ ጀርባውን ያነባል። «በብዙ ውኃ ያለቅልቁ። ከልጆች ያርቁ።» ሲሳሳት ጆሮዋ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ መጥረጊያዋን እየገፋች ታርመዋለች። ለእናታቸው ደግሞ በስልክ «ቢሮ ነው የምንውለው፤ እኔም እሱም» ትላት ነበር። «ውሸት ነው እንዴ?» ትለዋለች ስልኩን ዘግታ። «ቢሮ አይደለም?»

እናታቸው ይህን እንዳመነች ሞተች። ወይም ሳታምን።

አመሻሹ ላይ ተረፈ ጠራው። «አቤ፣ ዲስኩስ?»

«ትንሽ ተበላሽቷል ጋሼ። እያየሁት ነው።»

«ተበላሽቷል ማለት?»

«ኮምፒውተሩ በደንብ አያነበውም።»

ተረፈ ራሱን ነቀነቀ። በአቤሴሎም የኮምፒውተር እውቀት የሚተማመን ሰው ነው። «ታስተካክለዋለህ» አለ።

*

በየካቲት ነበር የሆነው።

የእታለም ጣቶች ሲዲ መያዝ እምቢ ብለው ነበር። ቀጭኑን ነገር ከሳጥኑ ማውጣት፣ በጠርዙ መያዝ፣ ማሽኑ ውስጥ መክተት አቃታት፤ ሁለቱን ጥላ ሰበረቻቸው። ስለዚህ አቤሴሎም ማሽኑን ሊያሻሽልላት ወሰነ። ከኢንተርኔት ባነበበው መሠረት በትንሽ ሜሞሪ ካርድ ሌላ ፕሮግራም ጫነበት፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲዲ መጠየቁን ትቶ፣ ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ የተቀዱትን ጌሞች ያነባል። አንዱን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ዲስኩ ግን ለዚህ ማሽን ብቻ በተሠራ አኳኋን ፎርማት መደረግ አለበት፤ ማለትም በላዩ ያለው ሁሉ መጥፋት አለበት።

አዲስ ጥቁር ዲስክ ገዝቶ መጣ። እታለም የራሷን ጥቁር ዲስክ ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው። «እግረ መንገድህን ይሄንንም ሌላ ቦታ ገልብጥልኝ» አለች። «አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ያስፈራኛል።»

አዲስ አበባ የሄደችው የአባታቸው ቤት ሊፈርስ ሲል ነው። ግድግዳ ላይ የነበረውን፣ አልበም ውስጥ የነበረውን፣ አክስት አጎት ዘንድ የነበረውን ፎቶ ሁሉ አንድ በአንድ በካሜራዋ አነሣችው። እናታቸውንም ወንበር ላይ አስቀምጣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ቀረጸቻት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የምትለውን አስነገረቻት። «ላንተም አለው» ብላው ነበር። «ዐቅም ስታገኝ ታየዋለህ።» አቤሴሎም ዐቅም አላገኘም። እናቱ ስትሞትም አላየውም።

ያን ቀን ሁለቱን ዲስኮች ላፕቶፑ ላይ ጎን ለጎን ሰካ። ፕሮግራሙ ላይ ሁለት ፊደል ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ። አንዱን መረጠ። እታለም ከኋላው ቆማ «ሽሮ ይሁን ምስር?» ብላ ትጠይቀው ነበር። «ምስር» አለና ተጫነ። አንድ ሰከንድ አልፈጀም። ከዚያ ዐሥር ጌሞች ቀዳበት፣ ማሽኑ ላይ ሰካው፣ ሠራ። እታለም አጨበጨበች። ምስሩን በላ። ሌላውን ዲስክ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ቤቱ ሄደ፣ ፎቶዎቹን ሊገለብጥ ከፈተው። ባዶ ነበር። አዲሱ ነበር።

ይህ ስሕተት ነው። ሱቅ ውስጥ በየሳምንቱ እንዲህ ያደረገ ሰው ይመጣል፤ አቤሴሎም ራሱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነግራቸዋል፦ ዲስኩን ቶሎ ይንቀሉት፣ ምንም አይጻፉበት፣ ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ያለው ሊገኝ ይችላል።

በማግስቱ ዲስኩን ሊወስድ መጣ። ሙሉና እታለም እየተጫወቱ ነበር። እታለም ዞራ «አቤ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?» አለችው። የታንኳ ጌም ፈለገች። ሲዲውን ገዝታዋለች፤ እዚያው ዲስክ ላይ ይቀዳላት። እምቢ ካለ ለምን እንደሆነ መናገር ነበረበት።

ቀዳላት። አንድ ጌም ሲገለበጥ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሶፋው ላይ ተቀምጦ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሞላ አየው፤ በእያንዳንዷ ደቂቃ ከሥሩ ምን እየጠፋ እንደሆነ እያወቀ።

ከዚያ ወዲህ «ያ ዲስክስ?» ብላ አራት ጊዜ ጠይቃዋለች። አራቱንም ጊዜ የሚቀጥለው ሳምንት አላት።

*

ማክሰኞ ከሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሰው ነበር። አቶ አድነው ሰማያዊውን ፋይል ከፍተው የሕይወት ታሪኩን ለተረፈ እያነበቡ ነው። «ወይዘሮ እታለም ከአባቷ ከአቶ ገነነ…» ይላሉ፤ ቆም ብለው ያርማሉ።

«ፎቶው ከተበላሸ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሌላ ባለሙያ ዘንድ እንውሰደው። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ዲስኩን ለእኔ ስጠኝ።»

አቤሴሎም ክፍሉ መሀል ቆሞ ነበር። ሳህን ይዟል። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ፤ አንሶላውን ገለጠው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ምን ነካህ?» አለች ሙሉ። «አቤ! ለቅሶ ቤት እኮ ነው!»

እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፣ ገመዱን አገኘ፣ ነቀለ። ሰማያዊዋ መብራት አንዴ ቦግ ብላ ጠፋች። ጥቁሩን ዲስክ ይዞ ተነሣ። አቧራ ነበረበት፤ በሸሚዙ ጠረገው።

«ጌሙን የት ልትወስደው ነው? ሰው ገና አልተቀበረም!»

«ጌሙን አይደለም። ፎቶዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው።»

«ጌሙ ውስጥ?»

«ከጌሙ ሥር» አለ። ከዚያ ነገራቸው። ለሱቅ ደንበኛ እንደሚያስረዳ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ ሁለቱን ዲስኮች፣ ሁለቱን ፊደሎች፣ አንዷን ሰከንድ። የታንኳው ጌም ላይ ሲደርስ እሱንም አልዘለለውም። ያኔ ማወቁንም ነገራቸው።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አዲስ እንግዳ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማል።

«የታንኳውን ያስገዛኋት እኔ ነኝ» አለች ሙሉ ቀስ ብላ። «ቦውሊንጉ ሰለቸኝ አልኳት። ሁልጊዜ ስለምታሸንፈኝ ነው እንጂ አልሰለቸኝም ነበር።» እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ተረፈ አቤሴሎምን እያየ ነበር። «ስትጠይቅህ ምን አልካት?»

«የሚቀጥለው ሳምንት።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት።»

«እኔንም ትናንት ተበላሽቷል አልከኝ።»

«ያ።»

«ያ አትበለኝ!»

ዐሥራ ሁለቱም ሰው አንገቱን ደፋ። ተረፈ በሁለት እጁ ፍራሹን ተደግፎ ተነሣ፤ አንድ ሰው ሊረዳው ብድግ ሲል በእጁ ከለከለው። በረንዳው ላይ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው። ኮት አልለበሰም። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባው ይታይ ነበር፤ ከሱ ወዲያ አልናብሩ፣ የጭነት ባቡሮቹ፣ ቀይና ሰማያዊ ኮንቴይነሮቹ።

አቶ አድነው ፋይላቸውን ዘጉ። «አሁን እንግዲህ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፤ ከዚያ ወደ አቤሴሎም ዞረው «የሚወጣ ነገር ይኖራል?» አሉ።

«አላውቅም። የሚፈልግ ፕሮግራም አለ። ሁለት ቀን ይፈጃል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ላፕቶፑን ይዞ ወጥ ቤት ሊገባ ሲል ሙሉ ክንዱን ያዘችው። «የት ትወስደዋለህ? እዚህ አድርገው። እናየዋለን።»

*

ረቡዕ ሙሉ ቀን ላፕቶፑ ከፔርሙዙ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ዋለ። ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመርና አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ሰዉ እያፈረ በጎን ያየው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን አዲስ የሚመጣ ለቀስተኛ ተረፈን አቅፎ፣ ከሙሉ ቀጥሎ ተቀምጦ፣ «ስንት ደረሰ?» ማለት ጀመረ፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው እንደሚጠይቅ።

«አርባ ሦስት።»

«ትናንት ስንት ነበር?»

«ትናንት ማታ ዐሥራ አንድ።»

«ጥሩ ነው። ይሄዳል።»

አንድ ሽማግሌ ፕሮግራሙ ቢደክምስ ብለው ጠየቁ። ሙሉ ማንም ገመዱን እንዳይረግጥ ወንበሯን አጠገቡ አስጠግታ ዘበኛ ሆነች። አቤሴሎም ጠረጴዛውን ሲያጸዳ ዳቦ ፍርፋሪው ኪቦርዱ ላይ እንዳይወድቅ በእጇ ትጋርዳለች። ከትናንት ጀምሮ «ልጄ» ብላ አልጠራችውም፤ ግን ሳህን ሞልታ ከፊቱ አስቀመጠችለት።

ተረፈ አላናገረውም። ሲያልፍ እግሩን ይሰበስብለታል፤ ያ ብቻ ነው። አቤሴሎም ይህ ቢያመው ደስ ባለው ነበር። አላመመውም። ምጣዱ ላይ እጁን ጥሎ እስኪቃጠል የሚጠብቅ ሰው ይመስል ሄዶ ሄዶ ተረፈ ፊት ይቆማል፣ ሻይ ያቀርብለታል፣ ተረፈ ሻዩን ይቀበላል፣ ወደ ግድግዳው ያያል።

ሐሙስ ጧት ተረፈ መኝታ ቤት ገብቶ የእታለምን የሥራ ቦርሳ አወጣ። ከውስጡ በሮቹን የምትከፍትበትን የሥራ ካርድ ፈታ። ካርዱ ላይ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል የምትመስልበት ጭምድድ ያለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ለአቶ አድነው ሰጣቸው።

«ይሄ ይሁን» አለ።

«አትስቅም» አሉ አቶ አድነው።

«ሥራ ቦታ አትስቅም ነበር።»

*

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቁጥሩ መቶ ደረሰ። ሙሉ «አለቀ!» ብላ ጮኸች፤ ወጥ ቤት ያሉት ሁሉ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

የተገኙት ፋይሎች ሦስት መቶ ስድስት ናቸው። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። አቤሴሎም የመጀመሪያውን ከፈተ፤ ሙሉ በሙሉ ግራጫ ነው። ሁለተኛው ግራጫ። ሦስተኛው ላይ ከላይ የሰው ግንባርና ቆብ፣ ከቅንድብ በታች ግራጫ። አንድ በአንድ ሄደበት። የግድግዳ ጥግ። የሠርግ መኪና የፊት መብራት። አራት ልጆች እስከ አንገታቸው ድረስ። «ይሄ አጎትህ ይመር አይደለም?» አለች አንዷ፤ «ፀጉሩን አየሁት፤ ጎፈሬውን።» ሰዎቹ ከጀርባው ተደርበው ግንባርና ፀጉር ለይተው ስም ሊሰጡ ሞከሩ። ከሦስት መቶ ስድስቱ ሙሉ ሆነው የወጡት ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። እታለም በአንዱም አልነበረችም፤ ካሜራውን የያዘችው እሷ ነበረች።

መጨረሻ ላይ አንድ ፋይል ቀረ። ፎቶ አይደለም።

«ቪዲዮው ነው?» አለች ሙሉ።

«ቁራጩ ነው። ሌላው ላዩ ላይ ተጽፎበታል።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ዐሥራ አንድ ሰከንድ።»

ከፈተው። ምስሉ እየተቆራረጠ ነጭ ሻሽና የወንበር መደገፊያ ያሳያል፤ ከዚያም ይፈርሳል። ድምፁ ግን ነበረ።

«በራ?» አለች እናቱ።

«በርቷል እማዬ። ተናገሪ» አለች እታለም፣ ከካሜራው ኋላ። ጉንፋን የያዛት ይመስል ነበር።

«ወዴት ልይ?»

«ወደኔ። እኔን እዪኝ።»

እዚያ ላይ ቆመ።

ሙሉ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አቤሴሎም የተቆረጠውን ስክሪን እያየ ቁጭ አለ። አርባ ደቂቃ ነበረ። እሱ ጋ የሚደርሰው ምናልባት ሠላሳኛው ላይ ነበር፤ እሱ የመጨረሻ ልጅ ነው።

«ድገመው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

ተረፈ ነበር። ከፍራሹ ተነሥቶ መጥቷል። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። አቤሴሎም ደገመው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ድምፁ ከኪቦርዱ ሥር ካሉ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። ተረፈ ፊቱን አጨማደደ።

«የሷን አልሰማሁትም» አለ። «የእናትሽን ሰማሁ… የእናትህን። የሷን አልሰማሁትም።»

ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ጆሮው ከባድ ሆኗል። ድምፁ ከዚህ በላይ አልጨምር አለ። ተረፈ አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ወገቡን ሊያጎነብስ ሞከረ፤ ሳምንት ሙሉ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ወገብ ነውና እምቢ አለው። መሀል ላይ ቀረ።

አቤሴሎም ተነሣ። ገመዱን ነቀለ፤ ላፕቶፑን በሁለት እጁ እንደ ትሪ ያዘና ከፍ አደረገው፤ ቀዳዳዎቹ ተረፈ ጆሮ አጠገብ እስኪደርሱ። በአውራ ጣቱ ቁልፉን ተጫነ።

ተረፈ ዐይኑን ጨፈነ። ዐሥራ አንዱ ሰከንድ አለፈ። ላፕቶፑ የአቤሴሎም ክንዶች ላይ ከበደ፤ አላወረደውም። አውራ ጣቱን መለሰና እንደገና ተጫነ።